«የስደተኞች ጥበብ» ተብሎ ይለጠፍ ወይስ ይቅር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ለመስከረም እዚህ ዲሲ አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን የሥዕል ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው፣ ከኛ ሌላ ከኤርትራም ከሱዳንም የመጡ ልጆች አሉበት። አዘጋጆቹ ፍላየሩ ላይ «የስደተኞች ጥበብ» እንበል፣ ግራንቱም (የድጋፍ ገንዘቡ) የሚገኘው በሱ ነው ይላሉ፣ ከሠዓሊዎቹ ግማሾቹ ደግሞ እንደዛ ከሆነ አንመጣም ብለዋል። እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ። ስደቱን ከደበቅነው እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ሥዕሉ ከየት እንደመጣ በምን ያውቃሉ? እስቲ ሐሳባችሁን።

ሠዓሊው፦ አይጻፍ። የኛው አገር ሠዓሊ የእስክንድር ቦጎሲያን ሥዕል ኒውዮርክ ሞማ፣ ትልቁ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የገባው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ነው፣ ማንም «የስደተኛ ሥዕል» ብሎ አልገዛውም። ከዛም ከ1972 ጀምሮ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስንቱን አስተምሮ እዚሁ ዲሲ በ2003 አረፈ። እሱ ያስተማራቸው ሰዎች ዛሬ በሥራቸው ነው የሚታወቁት። ሰው ርዕሱን መጀመሪያ ካነበበ ሥዕሉን አያይም፣ ያዝንልሃል፣ «አይዞህ» ብሎህ ይሄዳል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ወንድሜ የከበደች ተክለአብን ነገርስ ምን ልትለው ነው? ሶማሊያ ውስጥ 10 ዓመት ገደማ ታስራ የወጣች ሴት ናት፣ ሥዕሏም ግጥሟም ያንን ተሸክሞ ነው የመጣው። ዲሲ ኤምባሲያችን ያለውን «ኔክሰስ» የሚባለውን የአሉሚኒየም ሥራ ከእስክንድር ጋር የሠራችው እሷ ናት። ስንቶቻችን ለፓስፖርት ስንሄድ አጠገቡ አልፈናል፣ ማን እንደሠራው የጠየቀ ግን የለም። ታሪኩ ካልተነገረ እኮ ሰው ያልፈዋል።

ሠዓሊው፦ እህቴ፣ ከበደች የራሷን ታሪክ ራሷ ናት የተናገረችው፣ እኔ የምለው እሱን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዝግጅት ላይ ሦስት ሥዕል ሰጠሁ። ስደርስ ከጎኑ በለጠፉት ወረቀት ላይ በየት በኩል እንደመጣሁ፣ ካምፕ ስንት ወር እንደቆየሁ ተጽፏል፣ ስለ ሥዕሉ አንድ መስመር የለም፣ ዘይት ቀለም ይሁን አክሪሊክ እንኳን አላሉም። ምሽቱን ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሊቢያ ነው። ሥዕሉ የእናቴ ጓዳ ነበር፣ ጀበናዋ፣ ምጣዷ፣ ጥዋት በመስኮት የሚገባው ብርሃን። አንድ ሰው ስለ ብርሃኑ አልጠየቀኝም።

ኬዝ ያለኝ፦ ስለ ርዕስ ስትከራከሩ አንድ ነገር ረሳችሁ። የኔ አሳይለም፣ የጥገኝነት ጥያቄዬ፣ ገና ነው፣ ቤተሰቦቼም አገር ቤት ናቸው። ስሜና ፎቶዬ «ስደተኛ» ከሚለው ጋር ፌስቡክ ላይ ከወጣ እዛ ማን እንደሚያየው ማን ያውቃል? ደግሞ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው ሥዕሉን ሽጡለት የሚባል ልጅ አለ፣ መጀመሪያ ጠበቃውን ይጠይቅ በሉት እባካችሁ፣ በደግነት ኬዙን እንዳታበላሹበት።

ጀርመን ያለሁ፦ ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን አስቡት። ጀርመን ከአስር ዓመት በላይ ኖሮ አገሩ ተመለሰ፣ በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢያናሌ በሚባለው ትልቅ ዓለም አቀፍ የጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ የራሷ ፓቪሊዮን (የማሳያ ቦታ) ሲኖራት የቀረበው የሱ ሥራ ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ ባዕድ ሆኖ መታየት፣ መገፋት አለ፣ ግን ያንን የምታገኘው ከተሳሉት ሰዎች ዓይንና ከአካላቸው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ይኑር፣ ሰውየው ላይ ግን ታፔላ አይለጠፍበት። አዎ ተስፋዬ ትልቅ ቦታ ደርሷል፣ የናንተ የአዳራሽ ዝግጅት ነው፣ ቢሆንም አንድ ነው።

የድሮ ሰው፦ እኔ ስለ ርዕሱ ብዙም አይደለሁም ልጆቼ። 30 ዓመት እዚህ ኖሬ ያየሁት፣ ለምግቡ ይከፈላል፣ ለዲጄው ይከፈላል፣ ለአዳራሹ ይከፈላል፣ ሠዓሊው ሲደርስ «ለኮሚኒቲው ስትል» ይባላል። ፍሬሙን በራሱ ገንዘብ አሠርቶ፣ በራሱ መኪና ጭኖ አምጥቶ፣ ሲመሽ ራሱ አውርዶ ይሄዳል። ግራንቱ በስደተኛ ስም ከመጣ ስደተኛው እጅ ይግባ እንጂ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ በጀቱ ላይ የሠዓሊ ክፍያ የሚል መስመር እንደሌለ አሁን ነው ያየሁት፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ከሥዕሉ ጎን የሚለጠፈውን ወረቀት እያንዳንዱ ሠዓሊ ራሱ ይጻፈው፣ ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግም አይገደድ፣ እሱን ተቀብያለሁ። በርዕሱ ግን አሁንም አልተስማማሁም፣ እኔ ሱዳን ያለፍኩበትን ልጄ አዳራሽ ውስጥ ቆማ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ቆይ ቆይ፣ ግራንቱ እኮ ምናልባት ቅጹ ላይ ተሳታፊዎቹ ስደተኞች ናቸው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ፍላየሩ ላይ በትልቁ ጻፉ ይላል እንዴ? ያነበበው ሰው አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እኔ አላነበብኩትም፣ በአዘጋጆቹ ቃል ነው የያዝኩት።

ሠዓሊው፦ በሉ ቅጹ ያለው ሰው ከሐሙስ ስብሰባ በፊት ይላክልን። እንደዛ ካልተባለ የእናቴን ጓዳ ይዤ እመጣለሁ፣ ወረቀቱን ግን ራሴ ነኝ የምጽፈው።