ክርክር፦ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን ለቪአር ገንዘብ ሊያወጡ ይገባል?

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ልደታ፦

ባለፈው ሳምንት ጥቁር አንበሳ አካባቢ ቡና እየጠጣን የጀመርነውን ክርክር እዚህ ልቀጥለው። የመንግሥት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ምናባዊ እውነታን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራን ዓለም በመነጽር ወይም በስክሪን ውስጡ እንዳሉ አድርጎ የሚያሳየውን፣ በተለምዶ ቪአር የምንለውን ቴክኖሎጂ፣ ለሥልጠናም ለሕክምናም መግዛት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሬዚደንቶችን (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን) በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን በቪአር ሲሙሌተር፣ ማለትም ቀዶ ሕክምናን በሚያስመስል የመለማመጃ ማሽን፣ ካሠለጠነ በኋላ ሁሉም በእውነተኛ ቀዶ ሕክምና የሐሞት ከረጢትን ከጉበት እንዲለዩ አድርጓል። በሲሙሌተር የሠለጠኑት 29 በመቶ ፈጥነው ሲጨርሱ፣ ያልሠለጠኑት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ያልታሰበ አካል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የመጀመሪያ ስሕተቴን በሰው ሆድ ውስጥ ከምፈጽመው በማሽን ላይ ብፈጽመው እመርጣለሁ።

የዓይን ሐኪምና መምህር፦

ዶክተር፣ ለበሽተኛው ማሰብህን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ የጠቀስከው ጥናት ስለ ቪአር መነጽር የሚነግረን ነገር የለም። ያ መሣሪያ ከኮምፒውተር ስክሪን ጋር የተያያዙ የላፓራስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) እጀታዎች ነበሩት፤ ሠልጣኞቹም ልምምዱን የሚጨርሱት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ያስመዘገቡትን ደረጃ ሲደርሱ ነበር። ለውጤቱ ዋናው ምክንያት ይህ ሥርዓት ይመስለኛል። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳና ከዚምባብዌ የተውጣጡ 50 የዓይን ሕክምና ሠልጣኞች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት አለ፤ በዚያ ላይ ለመለማመጃ በተሠራ ሰው ሠራሽ ዓይን ተጠናክረው የተለማመዱት የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ብቃታቸው ካልተለማመዱት እጅግ ልቆ ታይቷል። ቪአር አልነበረበትም። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያስከትለው ሞራ ስለሆነ፣ ለአንድ ውድ ማሽን የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሰው ሠራሽ ዓይን ቢገዛበት ይሻላል።

የቃጠሎ ክፍል ነርስ፦

ሁለታችሁም ስለ ሐኪሙ እጅ ብቻ በመናገራችሁ ቅር ብሎኛል፤ ስለ በሽተኛው ሕመምም እንነጋገር። በፈላ ውኃ የተቃጠለ ሕፃን ቁስሉ ሲታጠብና ፋሻው ሲቀየር የሚያወጣው ጩኸት ወደ ቤቴ ተከትሎኝ ይመጣል፤ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶትም ይጮኻል። በሲያትል በሚገኘው ሀርበርቪው ሆስፒታል ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ቁስል በሚጸዳበት ጊዜ ታካሚው መነጽር አድርጎ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተጓዘ የበረዶ ኳስ እንዲወረውር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የመጀመሪያ ሪፖርታቸው ስለ ሁለት ታዳጊዎች ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን በ2004 ጤነኛ ሰዎች ሙቀት በሚያሳምማቸው ጊዜ በተነሣ የአንጎል ምስል፣ ቪአር ውስጥ ሲሆኑ ከሕመም ጋር የተያያዘው የአንጎል እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሕመም ትኩረታችንን ይፈልጋል፤ ትኩረቱ ሌላ ቦታ ሲያዝ ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል። እናት «ወደዚያ እይ» እያለች ልጇን መርፌ የምታስወጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ በረዶን የሚያውቀው በክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነውና ሥዕሉ የእኛን ልጆች የሚስብ ሆኖ መሠራት ይኖርበታል፤ ይህ ግን መነጽሩን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

የባዮሜዲካል ባለሙያ፣ አራት ኪሎ፦

እህቴ ያነሣችውን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ፊትን የሚነካው የመነጽሩ ስፖንጅ ከቁስል ወደ ቁስል ኢንፌክሽን ሊያዛምት ይችላል። የሲያትሉ ቡድን ፊታቸው ለተቃጠለ ታካሚዎች መነጽሩን በሚተጣጠፍ ክንድ ላይ ሰቅሎታል። ግዥው ይህን፣ የሚቀየሩ መሸፈኛዎችንና መለዋወጫን ካላካተተ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦

ስትሮክን በተመለከተ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም በ2017 ያወጣው ግምገማ 72 ጥናቶችንና 2,470 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ለእጅ እንቅስቃሴ ቪአር ከተለመደው ሕክምና እንደማይበልጥ፣ በተለመደው ላይ ተጨማሪ ሆኖ ሲሰጥ ግን ሊጠቅም እንደሚችል ደምድሟል። እኛ ዘንድ የተለመደው ሕክምና ራሱ ስላልተዳረሰ፣ ለእኔ ክፍል መነጽር ሳይሆን ተጨማሪ ባለሙያ ይቀጠርልኝ። የምርምሩ አቅጣጫ ግን መለወጡን አልክድም። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለረጅም ጊዜ የታችኛው ጀርባ ሕመም የፈቀደው ቪአር 179 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት የተፈተነ ሲሆን፣ ታካሚው ለስምንት ሳምንት በቤቱ የሚጠቀምበት ነው። ከሁለት ታዳጊዎች ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ ሃያ ዓመት ፈጅቷል።

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ልደታ፦

መምህር፣ በሥልጠናው በኩል ያቀረቡትን ተቀብያለሁ፤ ለእኛም በሰው ሠራሽ አካል መለማመድና ደረጃ ሳይደርሱ አለማለፍ ይቅደም። ጥያቄዬን አጥብቤዋለሁ፦ ግዥው ከቃጠሎ ክፍል ይጀምር፣ ሁለት መነጽር ከሚተጣጠፍ ክንዳቸው ጋር ይገዙ፣ ልጆቹ በመነጽሩና ያለ መነጽሩ የሚሰጡት የሕመም ነጥብ በእያንዳንዱ የፋሻ ቅየራ ይመዝገብ። እህቴ፣ መዝገቡን ለመያዝ ፈቃደኛ ነሽ?

የቃጠሎ ክፍል ነርስ፦

ነኝ። የማስታገሻው መጠንም አብሮ ይመዝገብ፤ ያለዚያ የትኛው እንደሠራ አናውቅም።