ፎስፌት ሲያልቅ የአልጌው መርዝ ጨመረ፤ ወይስ ጨመረ መሰለኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ አሌክሳንድሪየም የሚባለውን የባሕር አልጌ እያሳደግኩ ነው። ያው ሳክሲቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርተው፣ የተበከለ ኦይስተር (ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) የበላን ሰው የሚያሽመደምደው። የማሳድገው ኤፍ/2 በሚባል፣ ለአልጌ የሚሆን ንጥረ ነገር በያዘ ፈሳሽ ነው። በአንዱ ብልቃጥ ናይትሬት ቀነስኩ፣ በሌላው ፎስፌት፣ ሦስተኛውን እንዳለ ተውኩት።

ናይትሬት ያነሰው እንደተጠበቀው ሆነ። አንድ የሳክሲቶክሲን ሞለኪውል 7 የናይትሮጅን አቶም አለው፤ ናይትሮጅን ሲጠፋ መርዙም ይወርዳል። ያስቸገረኝ ፎስፌቱ ነው። በአንድ ሴል ያለው መርዝ በደንብ ወጣ፣ በሊትር ሳሰላው ግን ምንም ካልነካሁት ብልቃጥ አይበልጥም። ሴሎቹ መከፋፈል አቁመዋል፤ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ድንቡሽ ብለዋል። ስለዚህ ምርቱ ሳይፈጥን፣ መርዙን የሚካፈል አዲስ ሴል ስለጠፋ ብቻ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። መርዙን ለሴሉ መጠን አካፍዬ ሞከርኩ፤ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። አማካሪዬ “ናሙና ጨምር” ብቻ ነው የሚሉኝ (ናሙናማ ፍሪጁን ሞልቶታል!)።

የየቀኑ የሴል ቁጥር፣ የመርዝ መጠንና የቀረው ፎስፌት ልኬት በእጄ አለ። ከዚህ ዳታ ተነስቼ መርዙ በእርግጥ በፍጥነት እየተመረተ ይሁን ወይስ ዝም ብሎ እየተጠራቀመ እንዴት ልለይ?