የውርጭ መድን፦ ቴርሞሜትሩ የተተከለው የት ነው?

ጥያቄ (ከስናን ወረዳ፣ ምሥራቅ ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ። የማርሰው ከጮቄ ተራራ ሥር ነው፤ ጋራው ላይ ሁለት ቃዳ ገብስ፣ ከታች ወንዙ ዳር ደግሞ በመስኖ የማለማው አንድ ቃዳ ድንች አለኝ። ገብሱን በጥቅምት፣ ገና እሸት ሳለ ውርጭ መትቶት ራሱ ነጭ ሆኖ የቀረበት ዓመት አለ። አምና በታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ባደረበት አንድ ሌሊት ድንቹ በሙሉ ቅጠሉ ጠቁሮ ነጋ፤ ሽቅብ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ያለው የወንድሜ ድንች ግን ምንም አልሆነም።

አሁን በኅብረት ሥራ ማኅበራችን በኩል የውርጭ መድን እንድንገባ ተጠይቀናል። በውሉ መሠረት ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 30 ባለው ጊዜ በአንድ በተመረጠ የሜትሮሎጂ ጣቢያ የሌሊቱ ሙቀት ከ0 ዲግሪ በታች ከወረደ ካሳ ይከፈላል፤ ማሳ ድረስ መጥቶ ጉዳቱን የሚገምት ሰው ግን አይኖርም። ቆላ ያሉ ዘመዶቼ ለዝናብ እጥረት እንዲህ ያለ መድን ገብተው፣ ማሽላቸው ደርቆ ሳለ «ጠቋሚው (ካሳው የሚወሰንበት ልኬት) አላሳየም» ተብለው ባዶ እጃቸውን ስለ ቀሩ ፈርቻለሁ። ብገባ ይሻላል ወይስ ልተወው?

መልስ 1 (የግብርና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ የመልሱን ግማሽ ራስዎ ጽፈውታል። በተለመደው ጊዜ ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጡ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይኖርበት ሌሊት ግን ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስትለቅ፣ ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። የእርስዎ ድንች ተቃጥሎ የወንድምዎ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ወይም ተዳፋት ላይ የተተከለ ጣቢያ ስለ ወንዙ ዳር ማሳ ሊመሰክር አይችልም።

ሁለተኛ፣ የጣቢያው ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት ከአንድ ሜትር ከፍ ባለ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። በውርጭ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው ቅጠል ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ ሣጥኑ 2 ዲግሪ እያሳየ ሰብሉ አመዳይ ለብሶ ሊያድር ይችላል። በእኔ አስተያየት ከ0 በታች የሚለው መነሻ ለገበሬው የማይጠቅም ስለሆነ፣ ወደ 2 ዲግሪ ከፍ እንዲል ጠይቁ።

መልስ 2 (በመድን ሥራ የቆየሁ፣ ባሕር ዳር)

የዘመዶችዎ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ መድን ዋና ሕመምም እርሱ ነው። በአገራችን ሲሞከር የቆየው በአብዛኛው ለድርቅ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ ሽፋን ለአገሪቱ ገዝቶ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ አዲ ሃ በ200 ያህል ቤተሰቦች የተጀመረው ሙከራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ ሰፍቷል። ድርቅ አገር አቋርጦ የሚመጣ ሲሆን ውርጭ ግን ከአንድ ጅረት ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ሳተላይት እንኳ በጠራ ሌሊት የምድሩን ሙቀት ሲለካ፣ በብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነውን ቦታ ጋራውንና ሸለቆውን አደባልቆ ነው የሚያየው።

አረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ በየዓመቱ የምትከፍሉትን፣ እንዲህ መዝኑት፦ ካሳው 5,000 ብር ቢሆንና በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ቢሆን፣ የአደጋው ዋጋ ብቻ በዓመት 1,000 ብር ነው፤ ኩባንያው ለሥራ ማስኬጃና ለመጠባበቂያ ጥቂት ይጨምርበታል፤ እጥፍ ከጠየቃችሁ ግን ተከራከሩ። በቀበሌው አማካይ ምርት ላይ የተመሠረተ ውል ካለም ጠይቁ፤ እርሱ በረዶውንም ዋግንም ያካትታል። ሆኖም የቀበሌው ምርት ደህና ሆኖ የእርስዎ ጎድጓዳ ብቻ ቢመታ እርሱም አይከፍልም።

መልስ 3 (ገበሬ፣ ሰከላ)

ሁለቱም ወንድሞቼ በደንብ አስረድተዋል፤ አንድ ነገር ግን አልፈውታል። ድንቹ የተመታው በታኅሣሥ ነው፤ ውሉ የሚያበቃው ኅዳር 30 ነው። ቴርሞሜትሩን ድንቹ መካከል ቢተክሉት እንኳ አንድ ብር አይገኝም። እኛ ዘንድ ለመስኖ ድንች የውርጭ ምልክት ባየን ምሽት ማሳውን ውኃ እናጠጣለን፤ እርጥብ አፈር የቀን ሙቀቱን ይዞ ስለሚያድር ቀላሉን ውርጭ ይመክታል፣ ጠንካራውን ግን አይችለውም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ፤ ቀኑን እኔም አላስተዋልሁትም ነበር። ድንቹን ከመድኑ አውጥቼ፣ ለገብሱ ብቻ ልገባ አስቤአለሁ፤ እርሱም መነሻው ወደ 2 ዲግሪ ከፍ ካለና ጋራው ላይ ሁለተኛ መለኪያ ከተተከለ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ስለሚሰበሰብ ውሉን ይዤ እቀርባለሁ።