ጉረኛው ካፒታኖ ዓይነ አፋሩን አፍቃሪ ዋጠው፤ መላ በሉኝ

በኮሜዲያ ዴላርቴ (በጣሊያን የጥንት የጭምብል ኮሜዲ) ስልት የሚዘጋጅ የ25 ደቂቃ ተውኔት ነው። ቦታው የቬኒስ አደባባይ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ቤት፣ አንዱ ባለ መስኮት። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም፤ ያለው ካኖቫቾ ብቻ ነው፤ ማን ገባ፣ ምን አደረገ፣ ማን ወጣ የሚል። ጣሊያናዊው ተዋናይ ፍላሚኒዮ ስካላ እ.ኤ.አ. በ1611 ያሳተማቸው 50 ሴራዎችም በዚሁ መልክ የተጻፉ ናቸው።

ካፒታኖ ረጅም አፍንጫ ባለው ጭምብል፣ መሬት በሚጠርግ ሰይፍ ገብቶ ብቻውን ስለደመሰሰው ጦር ይፎክራል። መስኮቱ ሲንቋቋ ዘሎ ከሽማግሌው ነጋዴ ከፓንታሎኔ ካባ ሥር ይወሸቃል። ይሄ እንከን የለውም፣ ያስቃል።

ችግሩ ዓይነ አፋሩ አፍቃሪ ሌሊዮ ነው። ለሚወዳት ለኢዛቤላ ደብዳቤ ሊሰጥ እጁን ይዘረጋል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ ደብዳቤውን መልሶ እጅጌው ውስጥ ይከታል። አፍቃሪዎች በልማዱ ጭምብል ስለማያጠልቁ ሥራው ሁሉ ፊቱ ላይ ነው፤ የተመልካቹ ዓይን ግን ሰይፉን ይከተላል። እንቅስቃሴውን ሲያጎላው ደግሞ ሁለተኛ አርሌኪኖ (ቀልደኛው አገልጋይ) ይሆናል። ካፒታኖ ከመድረክ ሲወጣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

አንድ ሐሳብ አለ፦ አርሌኪኖ ደብዳቤውን በስህተት ለካፒታኖ ይስጥና እሱ ለራሱ የተጻፈ መስሎት ጮክ ብሎ ያንብበው። ታዲያ ሌሊዮ በዚያን ጊዜ ምን ይሥራ? ዝም ብሎ ከቆመ ሞተ።

ሌላው፣ የጭምብሉ አፍንጫ የተዋናዩን የታች እይታ ስለሚጋርድ ሰይፉ እውነትም ይጠልፈዋል። ሰይፉ ይጠር ወይስ የዓይኑ ቀዳዳ ይስፋ? ቀዳዳው ሲሰፋ የገጸ ባሕርዩ ፍጥጫ ይጠፋል የሚል ስጋት አለ።