ወንድሜን ኤምአርአይ ላስነሳው ወይስ ይቅር?

ታላቅ እህት፦
ሰላም ቤቶች። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም፣ ጓደኞቹ ሲደውሉም አያነሳም። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ድንገት "ስለኔ እያወሩ መሰለኝ" አለኝ። ደንግጬ ሳየው ሳቅ ብሎ "አይ፣ ዝም ብዬ ነው፣ እንዴት ስለኔ ያወራሉ" አለ። ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። አጎታችን፣ የእማዬ ወንድም፣ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት፤ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሕመሙ ሳይጀምር የአንጎል ክፍሎች ግንኙነት እንደሚለወጥና በኤምአርአይ እንደሚታይ አነበብኩ። ተበድሬም ቢሆን ላስነሳው? እማዬ ጠበል ይሂድ ትላለች።

የሌሊት ተረኛ፦
አይዞሽ እህቴ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ያነበብሽው ውሸት አይደለም፣ ግን አንቺ ላሰብሽው ነገር አይሆንም። አንጎል መሃል ታላመስ የሚባል መናኸሪያ አለ፤ በዓይንና በጆሮ የሚገባው ሁሉ እዚያ ደርሶ ነው ወደ ላይኛው አንጎል የሚከፋፈለው። በፈረንጆቹ 2015 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለሕመሙ ተጋላጭ በሆኑ 243 ወጣቶች ላይ በወጣ ጥናት፣ ታላመስ ከሚያመዛዝነውና ከሚያቅደው የግንባር ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት ላልቶ፣ በስሜት ሕዋሳት የሚገባውንና እንቅስቃሴን ከሚይዙት ክፍሎች ጋር ያለው ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቆ ተገኝቷል። ለውጡ የጎላው በኋላ በታመሙት ላይ ነበር።

ግን ይሄ የቡድን አማካይ ነው። የጤነኛውና የተጋላጩ ውጤት ይደራረባል፣ ስለዚህ የአንድን ልጅ ምስል አይቶ "ይሄ ይታመማል" የሚል ሐኪም የለም። ደግሞም እነሱ የተጠቀሙት ኤፍኤምአርአይ የሚባለውን ነው፦ ሰውየው ዝም ብሎ ተኝቶ፣ የደም ኦክስጅኑ ከፍ ዝቅ ሲል እየተከታተሉ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚነሳ በኮምፒውተር ያሰላሉ። ለራስ ምታት የምንነሳው ተራው ምርመራ ይህን አያሳይም። ዕጢ ወይም ሌላ ነገር ከተጠረጠረ ሐኪሙ ራሱ ያዝዛል።

የሰፈር ልጅ፦
እኛ ተነስተናል። ብር ከዘመድ ተለቃቅመን እህቴን አስነሳናት፣ "ምንም የለባትም" የሚል ወረቀት ሰጡን፣ እኛም እፎይ ብለን ሐኪም ቤት መሄዱን ተውነው። ስምንት ወር። ፖስታው እስካሁን ቡፌው ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ብርሽን አታባክኚ፣ ቀጥታ ሳይካትሪስት፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ታላቅ እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ እንዲያ ማለቱ ጀምሮታል ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
እዚህ ሆኜ ምርመራ አልሰጥም። ግን ያ ሳቁ ጥሩ ምልክት ነው፣ ያሰበውን አሁንም ራሱ ይጠራጠረዋል ማለት ነው። ከተጋላጮቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሕመሙ የሚሻገሩት ከሦስት አንድ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። አብዛኞቹ አይሻገሩም፤ ድብርትም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይታከማል። በዚህ ደረጃ መጀመሪያ የሚሞከረው የንግግር ሕክምና ነው፣ ወዲያው መርፌ አይደለም። ሐሺሽ ካለ ማቆም አለበት፣ ጫትም እንዲሁ፣ ግን እንደ ፖሊስ አትመርምሪው። ጠበሉን ከእማዬ ጋር አትጣዪበት፣ ሁለቱም ይሁን፤ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን ለጠበል ብሎ እንዳያቋርጥ።

ታላቅ እህት፦
"ሳይካትሪስት" ካልኩት ደግሞ በሩን ይዘጋብኛል።

የሰፈር ልጅ፦
እኛ "ስለ እንቅልፍሽ እንጠይቅ" ብለን ነው የወሰድናት። ውሸትም አልነበረም፣ አትተኛም ነበር።

ታላቅ እህት፦
እሱም አይተኛም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ እሰማዋለሁ። እሺ፣ በዚህ እጀምራለሁ።