በጃፓን የሥራ ጫና ይበልጥ የሚጎዳው የበታቹን ነው ወይስ አለቃውን?

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። ሰሞኑን ለመስመር ኃላፊዎች የካይዘን (የጃፓኖች ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ) ሥልጠና ሲሰጥ አሠልጣኙ የጃፓን ሠራተኛ ለድርጅቱ ያለውን ታማኝነት ሲያወድስ ቆየ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ኃላፊ እጇን አውጥታ «ታዲያ በሥራ ብዛት ይሞታሉ የሚባሉት እነማን ናቸው?» ብትለው ሣቅ ብሎ ወደ አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም ወደ ካይዘን የሥራ ቦታ አደረጃጀት ደንቦች ተመለሰ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። በጃፓን የሥራው ሁኔታና ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ያለው ደረጃ በጤናው ላይ ምን ያህል ይወስናሉ? እንደ ሌላው ዓለም ቀድሞ የሚታመመው የበታቹ ነው ወይስ ነገሩ እዚያ ይለያል? የምታውቁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

ጤና አዳም፦
የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ኃላፊዋ የጠየቀችው ተገቢ ጥያቄ ነው። ጃፓኖች «ካሮሺ» የሚሉት ከሥራ ብዛት የተነሣ በስትሮክ ወይም በልብ ሕመም መሞትን ሲሆን፣ በመጀመሪያነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1969 በአንድ ጋዜጣ የማጓጓዣ ክፍል ይሠራ የነበረ የ29 ዓመት ወጣት በስትሮክ የሞተበት አጋጣሚ ነው። በ2001 የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ባወጣው መመዘኛ፣ ሟቹ ከመታመሙ በፊት ባለው አንድ ወር 100 ሰዓት፣ ወይም ከሁለት እስከ ስድስት ባሉት ወራት በአማካይ በወር 80 ሰዓት ትርፍ ከሠራ፣ ሕመሙ ከሥራው ጋር ጠንካራ ግንኙነት እንዳለው ይቆጠራል።

ወደ ደረጃው ስንመጣ ጃፓን ከለመድነው ትወጣለች። በእንግሊዝ ከ1967 ጀምሮ በመንግሥት ሠራተኞች ላይ በተደረገው ጥናት፣ የሥራ ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በጃፓን ግን ከ1980 እስከ 2005 በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶችን ሞት በሙያ ለይቶ የመረመረና በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኢኮኖሚው ከተንኮታኮተ በኋላ፣ በተለይም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ በሥራ አስኪያጆችና በከፍተኛ ባለሙያዎች ላይ ሞቱ ጨመረ፤ ራስን ማጥፋትም እንዲሁ። በአገሪቱ በጠቅላላው ከ1998 እስከ 2011 ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ከ30,000 በላይ ነበር። ድርጅቶች ሠራተኛ ሲቀንሱ የቀረው ሥራ በመካከለኛው አለቃ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል ብሎ ያመነው ቅጥርም መናወጥ ጀመረ። ሹመት ጤናን የሚጠብቀው ሰውዬው በራሱ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲኖረው ነው የሚለው አስተሳሰብ ይህን በደንብ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

ከአዳማ፦
ጃፓን ተምሬ የተመለስኩ ነኝ። ጤና አዳም ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ «አለቃ» የሚባለው ሁሉ አለቃ አይደለም። የጃፓን የሥራ ሕግ የአመራር ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ከሥራ ሰዓት ገደብ ውጭ ስለሚያደርጋቸው፣ ድርጅቶች ለወጣቱ ሠራተኛ ሹመት እየሰጡ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን የሚያስቀሩበት ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የቶኪዮ ፍርድ ቤት የአንድ ታዋቂ ሃምበርገር ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊ በስም እንጂ በተግባር የሥራ መሪ አይደለም ብሎ ውዝፍ ክፍያው እንዲሰጠው ፈርዷል። በ2019 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ትርፍ ሰዓትን በመደበኛው በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ሲገድብም የሥራ መሪዎች ከገደቡ ውጭ ቀርተዋል፤ ቢያንስ ግን ሰዓታቸው እንዲመዘገብ ግዴታ ሆኗል።

ሁለተኛው፣ ሰው የማያያቸው ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ከተቀጣሪው ከሦስተኛው በላይ የሚሆነው ቋሚ ያልሆነ፣ በአብዛኛውም ሴት ሠራተኛ ነው። አሠሪ በየዓመቱ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ሕጉ ቢያስገድድም፣ ሰዓቷ አጭር የሆነች ተቀጣሪ ከዚህ ውጭ ልትሆን ትችላለች። በ2015 የተጀመረው ዓመታዊ የጭንቀት ምርመራም ግዴታ ሆኖ የወጣው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው የሥራ ቦታዎች ነበር። ካየሁት አንዱን ልንገራችሁ፦ ሥራውን የጨረሰ ወጣት አለቃው ከወንበሩ እስኪነሣ ድረስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይቀመጣል፤ አለቃው ደግሞ የበላዩን ይጠብቃል። ሁሉም በመጨረሻው ባቡር ይሄዳሉ።

የመስመር ኃላፊ፦
እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። በቀን የሚሰፋውን ብዛት የሚወስነው ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ሲጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከላይ በየሰዓቱ ሪፖርት ይፈልጋሉ፣ ከታች ልጆቹ ውኃ ለመጠጣት እንኳ እኔን ያስፈቅዳሉ። ደመወዜ ከእነሱ የሚበልጠው በጥቂት ነው። ጃፓን ያለው የመካከለኛ አለቃ ነገር ገብቶኛል።

ዘጠኝ ቁጥር፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ለእኛ የቅንጦት ወሬ ነው። እኛ ጋ ጭንቀቱ ሥራ ማጣት ነው። ደግሞም ሕጋችን ከሳምንት 12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሥራ አይፈቅድም፤ በወር 80 ሰዓት ከየት ይመጣል?

ጤና አዳም፦
ወንድሜ፣ ሥራ ማጣት ጤናን እንደሚጎዳ አልክድም፤ ስሌቱን ግን አብረን እንየው። የጃፓኑ 80 ሰዓት የሚቆጠረው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ያለው ሲሆን፣ በጠቅላላው በሳምንት ወደ 59 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በእኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. መደበኛው ሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው፤ 12 ሲጨመርበት 60 ይሆናል። እርግጥ አዋጁ ትርፍ ሥራን የሚፈቅደው በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ሆኖም ለወራት ከቀጠለ ሕጋዊው ጣሪያችን ጃፓኖች ለሞት መመዘኛ ካደረጉት መስመር ላይ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ያወጡት ጥናትም፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ 17 በመቶ እንደሚጨምር ያመለክታል።

ለጠያቂው፦ ክሊኒካችሁ የደም ግፊት የሚለካ ከሆነ፣ የሰው ስም ሳይወጣ ውጤቱን በሥራ ደረጃና በፈረቃ ለይታችሁ ከትርፍ ሰዓት መዝገቡ ጋር አስተያዩት። የመስመር ኃላፊዎቹን ለብቻ አድርጓቸው፤ ከሰፊዎቹ ጋር ከተደባለቁ የእነሱ ጉዳት አይታይም።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የግፊት መለኪያ አለን፤ የትርፍ ሰዓት መዝገቡ ግን የኃላፊዎቹን ሰዓት አይይዝም። ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲያዝ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቀርባለሁ።