«ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ» ሙገሳ ነው ወይስ ሐሜት?

ጥያቄ፦
ስለ ለንደኑ ፕሮዲውሰር ስለ ኢንፍሎ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የራፐሯን የሊትል ሲምዝን «ግሬይ ኤሪያ» የሠራው እሱ ነው፤ አልበሙ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር አይወድም። ስለዚህ «ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ ሰው ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ ጓደኛዬ አንብባ «ምነው፣ ሌባ አስመሰልከው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው? ደግሞስ ፕሮዲውሰሩን «አቀናባሪ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦
ግማሽ እውነት አላት። አባባሉ መልኩን የሚያገኘው ከተከታዩ ግስ ነው። «ድምፁን አጥፍቶ ገባ» ካልክ ሰሚው ተንኮል ይጠብቃል። «ድምፁን አጥፍቶ ቤቱን ሠራ» ስትል ግን ምስጋና ነው፤ ወሬ ሳያበዛ፣ ሳይፎክር ማለት ነው። ያንተ «የሚሠራ» ስለሆነ ችግር የለበትም። «ውስጥ ውስጡን» እንዳትል ብቻ! እሱ ሴራ ሴራ ይሸታል።

ሌላ መልስ፦
ለዚህ ሰውማ ልክ ነው። ሶልት የሚባለውን ቡድን ተመልከቱ። ከጀርባው ያለው ኢንፍሎ ነው። በ2019 ሁለት አልበም ለቀቁ፤ በ2020 ሁለት ደገሙ፤ ፎቶ የለ፣ መግለጫ የለ። በ2021 «ናይን» የሚለውን አልበም ለ99 ቀን ብቻ አስደምጠው አነሡት። በኖቬምበር 2022 አምስት አልበም በአንድ ቀን በነፃ ለቀቁ፣ ያውም በይለፍ ቃል ተቆልፎ። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጡት በ2023 መጨረሻ ነው። ይሄ ድምፅ ማጥፋት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

መልስ፦
«አቀናባሪ» ላይ ልምጣ። ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» እያልን ነው ያደግነው። አቀናባሪ የተዘጋጀ ዜማ ይቀበልና መሣሪያዎቹ ምን እንደሚጫወቱ ይወስናል። ኤልያስ መልካን አቀናባሪ የምንለው ለዚህ ነው። «ፕሮዲውሰር» ደግሞ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነው፣ አሳታሚው። አምሃ እሸቴ ሸክላ ሲያሳትም የነበረው በዚህ ትርጉም ነው።

ኢንፍሎ ሁለቱም ውስጥ አይገባም። ሊትል ሲምዝን ከልጅነት ያውቃታል፤ አብረው በሠሩባቸው ዓመታት ዘፈኑን ከባዶ አብሯት ይጽፍ፣ መሣሪያ ይጫወት፣ የአልበሙን ጠቅላላ መልክ ይወስን ነበር። ለዘፋኙ ለማይክል ኪዋኑካም እንዲሁ፤ ከፕሮዲውሰሩ ከዴንጀር ማውስ ጋር የሠሩለት አልበም በ2020 መርኩሪ የሚባለውን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ። በ2022 ደግሞ የሊትል ሲምዝ ተራ ሆነ። የአዴል «30» ውስጥም ሦስት ዘፈን ላይ እጁ አለበት። በዚያው በ2022 የብሪታንያው የሙዚቃ ሽልማት ብሪት አዋርድስ የዓመቱ ፕሮዲውሰር አለው፤ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ይህን ሁሉ «ቅንብር፦ ኢንፍሎ» ብለህ ብታልፈው ሥራውን ታሳንስበታለህ። «ፕሮዲውሰር» በለውና ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጽ።

አጭር ጥያቄ፦
ሂፕ ሆፕ ከሆነ «ቢት ሠሪ» አይበቃም?

መልስ፦
ላፕቶፕ ላይ ቆርጦ ቀጥሎ ቢት ለሚሸጥ ልጅ ይበቃል። «ግሬይ ኤሪያ»ን አንዴ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው እስቲ። ከበሮውና ቤዙ በሰው እጅ የተመታ ነው፤ ራፑ የሚቀመጠው ከባንድ ፊት እንጂ ከተደጋገመ ቁራጭ ላይ አይደለም። መርኩሪን ባሸነፈላት አልበሟ በ«ሰምታይምስ አይ ማይት ቢ ኢንትሮቨርት» ላይማ ኦርኬስትራና መዘምራን ሁሉ ተጨምሮበታል። እኔ በበኩሌ ከ«ግሬይ ኤሪያ» አይበልጥብኝም፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጌጡ በዝቶብኛል።